ሰባት ኪሎ ትርፍ

የውሃ ፓምፕ ጠጋኙ መንገደኛ ለአራተኛ ወር በእሷው ሚዛን ፊት ሲሰለፍ፣ የአየር ማረፊያው ሻንጣ መዛኝ ልጅ ጠረጠረችው። ሌሎቹ መስኮቶች ላይ ሰልፉ አጭር ነው። ቀና ሰው አጭሩን ሰልፍ ትቶ ረጅሙን ይይዛል?

ሻንጣውን አስቀመጠ። ሠላሳ ኪሎ።

«ሰባት ኪሎ ትርፍ አለዎት» አለችው፣ ዓይኑን ላለማየት እየጣረች።

«እንደተለመደው ልክፈላ።»

«እኔም እንደተለመደው ነግሬዎታለሁ። ቲኬትዎ ሁለት ሻንጣ ይፈቅዳል፤ እያንዳንዱ ሃያ ሦስት ኪሎ። ለሁለት ቢያካፍሉት ቤሳ አይከፍሉም።»

«ረሳሁት።»

ሦስት ጊዜ ይረሳል? ያሳደገቻት አያቷ ትናንት ማታ፣ «የኔ ልጅ፣ በነፃ የሚያገኘውን በገንዘቡ የሚገዛ ወንድ ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ የሚደብቀው አለው። ሞኙንም አደራሽን አትቅረቢው» ብላታለች። እውነትም የዋህ ፈገግታ ስንቷን ልጅ ጉድ ሠርቷል። የእሷ ልብ ደግሞ ከዳተኛ ነው፤ ወሩን ሙሉ እሱ የሚበርበትን ቀን ሲቆጥር ከርሟል።

የጠረጴዛውን ስልክ አነሳችና የሻንጣ ፈታሹን ጠራች። አንድ ነገር ቢገኝበት ዳግም አታየውም። ባይገኝበትስ በምን ዓይኗ ታየዋለች?

ፈታሹ ጓንቱን አጥልቆ ሻንጣውን ከፈተው። መፍቻ፣ ቱቦ፣ ጎማ፣ ሁለት ሸሚዝ። ከሁሉ በታች የተጣጠፈ ባዶ ሻንጣ ወጣ።

«ይኼስ?»

«ሁለተኛው ሻንጣዬ» አለ ጠጋኙ አንገቱን ደፍቶ። «መጀመሪያ የመከረችኝ ጊዜ ነው የገዛሁት። ግን ካካፈልኩት ትርፍ የለም፤ ትርፍ ከሌለ ደግሞ እሷ አታናግረኝም።»

ፈታሹ ጓንቱን አወለቀ። «ይኼንንስ የኔ ማሽን አያየውም» ብሎ ሄደ።

እሷ ባዶውን ሻንጣ አነሳችው።

«ፈታሹን የጠራሁት እኔ ነኝ።»

«አይቻለሁ።»

«ተቀየምክ?» አንተ ማለቷን ሁለቱም ልብ አሉት።

«ትንሽ። ቢሆንም ሳያጣሩ ከማመን ይሻላል።»

ተንበርክከው ብረቱን ለሁለት አካፈሉት። ስም በሚጻፍበት ካርድ ላይ፣ ሻንጣው ቢጠፋ የሚደወልለት ሰው ቦታ ባዶ ነበር።

«እዚህ ማን አለህ?»

«ማንም።»

እስክሪብቶ አንስታ የራሷን ቁጥር ጻፈችበት። ከዚያ መልሳ ጠረጠረች።

«በል አሁኑኑ ደውል» አለችው። «ያንተ ቁጥር እጄ ሳይገባ ሻንጣህ ንቅንቅ አይልም።»

«ኧረ ልጆች፣ አውሮፕላኑ እኮ አይጠብቅም» አለች ከኋላው የተሰለፈች ሴትዮ።

ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ቁጥሩን እስከ መጨረሻው አንብባ፣ ሻንጣዎቹን አንድ በአንድ አሳለፈቻቸው።