ዓሣው የሚዞርበት ስፋት

ሰፈሩ ሁሉ አቼክ፣ አጎቴ፣ ብሎ የሚጠራቸው ቡን ሂያን አንድ አባባል ነበራቸው፤ «ዓሣ የሚያድገው በገንዳው ልክ ነው።» ገመድና የጀልባ ቀለም ሊገዛ ሱቃቸው የገባ ሰው ሁሉ ሳይጠይቅ ይህን ሰምቶ ይወጣል። ከሱቁ በር ትይዩ በተቀመጠው የመስታወት ገንዳ ውስጥ ያለው ቀይ ዘንዶ ዓሣ ግን አባባሉን አልሰማም መሰል፣ ከዓመት ዓመት አደገ። ገንዳው ያው ገንዳ ነው።

እኛ የፖንቲያናክ ከተማ ቻይኖች ዘንዶ ዓሣ በር በሩን እያየ የቤት ሀብት ይጠብቃል እንላለን። አቼክ ዓሣውን የገዙት ሚስታቸው በሞተች ሰሞን ነበር። ወንድ ልጃቸው ጃካርታ ሄዶ በዚያው ቀረ። የቀሯቸው ዓሣውና ሴት ልጃቸው ሊፌን ናቸው። ሊፌን ሽሪምፕ ልጣ በጣቶቿ ካልሰጠችው ዓሣው አይበላም፤ እሷ ካልከፈተች ሱቁ አይከፈትም። ጓደኞቿ አግብተው ወለዱ። እሷ በገመድ ጥቅልሎቹና በገንዳው መሃል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ስትመላለስ ወጣትነቷ እያለፈ ነበር። ይህንንም ታውቀዋለች፤ ማወቋ ግን በሩን አልከፈተላትም።

ዶናቱስ የመጣው ገመድ ሊገዛ ነው። ከወንዙ ራስጌ፣ ከሐይቆቹ አገር የመጣ የዳያክ ብሔረሰብ ልጅ ሲሆን ከተማው ውስጥ የዓሣ ገንዳ በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ መስታወት ይቆርጣል። እንደገባ ዓሣውን አይቶ ቆመ። ዓሣው የገንዳው ጫፍ ሲደርስ ወገቡን አጥፎ፣ ጭራውን መስታወቱ ላይ እየፈገፈገ በስንት መከራ ዞረ።

«ይሄን ምስኪን ማን ነው ያሰረው?» አለ።

«ማንም አላሰረውም። ቤቱ ነው» አለች ሊፌን።

«በገዛ ቤቱ ለመዞር ወገቡን መስበር አለበት?»

«አንተ የምትፈልገው ገመድ ነው ወይስ ነገር?»

ሳቀ። «ገመድ። ግን እስቲ እዪው፤ እሱ ሰባ ሴንቲ ይሆናል፣ የገንዳው ስፋት አርባ አምስት። ለመዋኘት ርዝመት፣ ለመዞር ደግሞ ስፋት ይፈልጋል። የገንዳው ስፋት ከዓሣው ርዝመት ካነሰ አጥንቱ እየጎበጠ ነው የሚሄደው።»

«ፓፓ ዓሣ የሚያድገው በገንዳው ልክ ነው ይላል።»

«በገንዳው ልክ የሚሆነው መቀጨጩ ነው።»

ሊፌን ጎንበስ ብላ ዓሣውን አየች። ያን ሁሉ ዘመን በእጇ ስታበላው የጀርባውን መጉበጥ ልብ ብላ አላየችውም ነበር። ቀና ስትል ሰውየው ዓሣውን ትቶ እሷን ያያል። ነገር በዓይን ይገባል ይባል የለ? ገባ።

ከዚያ በኋላ ዶናቱስ ገመድ መግዛት አበዛ።

«ይሄ ሁሉ ገመድ ምን ሊሠራልህ ነው? ወንዙን ልታስረው ነው?»

«ሌላ ምን ትሸጣላችሁ?»

«ቀለም።»

«እንግዲያው ነገ የምገዛው ቀለም ነው።»

አቼክ ከሰዓት በኋላ ሲያሸልቡ ሊፌንና ዶናቱስ የገንዳውን ውሃ አብረው ይቀይሩ ጀመር። እሷ በወዲህ፣ እሱ በወዲያ ሆነው በውሃው ውስጥ አሻግረው ይተያያሉ። አንድ ቀን ግን ዶናቱስ ባልዲውን አስቀመጠና፣

«አገሬ አብረን እንሂድ» አለ። «ታገቢኛለሽ ወይ ማለቴ ነው፤ አፌ ተሳሰረ እንጂ።»

«ዓሣውስ?» አለች።

ወዲያው ፊቷ በእፍረት ቀላ። የምትወደው ሰው ለትዳር ሲጠይቃት ስለ ዓሣ የምታወራ ሴት ታይታ ታውቃለች? ልቧ እሺ ብሎ ነበር፤ ምላሷ ነው የለመደውን ያወጣው።

ዶናቱስ መጀመሪያ የዓሣውን ቦታ ላስፋ ብሎ አሰበ። በገዛ እጁ ርዝመቱ ሁለት ሜትር፣ ስፋቱ ሰማንያ ሴንቲ የሆነ ገንዳ ሠርቶ በጋሪ እያስገፋ ይዞ መጣ። ስጦታም ነው፣ ሽምግልናም ነው። አንድ ነገር ግን ረሳ፤ የዕድል ሜትሩን። እዚህ የኛ ነጋዴ በርም ሆነ አልጋ ወይም ጠረጴዛ ያለዚያ ሜትር አያሠራም፤ ልኩ ቀይ ጽሑፍ ላይ ካረፈ መልካም፣ ጥቁር ላይ ካረፈ መዓት ነው። አቼክ ሜትራቸውን ዘረጉ። ሰማንያው ጥቁሩ ላይ አረፈ፤ «ጉዳት» ይላል።

አቼክ እሳት ለበሱ።

«ጉዳት ተሸክመህ ነው ልጄን ልትጠይቀኝ የመጣኸው?»

«አቼክ፣ እኔ ይሄን ሜትር አላውቀውም። ለዓሣው ብዬ ነው…»

«ዓሣዬን ተወው! ዓሣዬም ልጄም ባሉበት ደህና ናቸው። ውጣልኝ!»

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይሄ ነው። ዶናቱስ ጋሪውን አዙሮ ሄደ። ሊፌን በመተላለፊያዋ ቆማ አየችው፤ አልተከተለችውም። አባቷን ጥላ እንዴት ትውጣ? ሳትወጣስ እንዴት ትኑር? ያን ሰሞን አየሩ ራሱ አጠራት።

ከዚያ አንድ ከሰዓት አባቷ እንዳንቀላፉ ሜትሩን ከመሳቢያ አወጣችና ሰማንያውን ፈለገች። ጥቁሩ ከሰማንያው ጥቂት አለፍ ብሎ ያልቅና ቀይ ይጀምራል። ስልክ ደወለች።

«ገንዳውን ሸጥከው?»

«ማን ይገዛዋል? ጉዳት እኮ ነው!» አለ ዶናቱስ።

«በፊትና በኋላ ጠርዙን እንጨት አልብሰው። ጣት የምታህል ትበቃለች። ከዚያ መልሰህ አምጣው።»

አቼክ ድጋሚ ለኩ። ቀይ! «መሠረት» ይላል። ሞኝ አይደሉም፤ አዲሱን እንጨት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ ከዚያ ልጃቸውን ቆመው አዩ። ግን ሜትሩ የራሳቸው ሕግ ነው፤ ምን ይበሉ?

«ገንዳው ይግባ» አሉ። «ሰውየው ይውጣ።»

«እጠብቅሻለሁ» አላት ዶናቱስ በሩ ላይ በሹክሹክታ።

«ዓሣው እስኪለምድ ብቻ» አለችው።

ዓሣው ግን ጉድ ሆነ። ያን የሚያህል ስፋት ተሰጥቶት በፊተኛው መስታወት ጥግ ጥግ ብቻ ይዋኛል። ጫፍ ሲደርስ አሮጌው መስታወት ያለበት ይመስል ወገቡን አጥፎ ይዞራል። ሳምንታት አለፉ፤ ያው ነው። አቼክ ደስ አላቸው።

«አየሽ? ስፋቱ አላስፈለገውም። የለመደው ይበቃዋል።»

ሊፌን እጇን ከውሃው መንጭቃ አወጣች። እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ከሱቁ በላይ ወዳለው መኖሪያቸው ወጣች፤ ልብሷን በሻንጣ ከታ ወረደች።

«ወዴት ነው?»

«ዶናቱስ ጋ። ላገባው ነው፣ ፓፓ።»

«ዓሣውን ማን ሊያበላው?»

«አንተ።»

«ከእኔ እጅ አይበላም!»

«እስኪርበው ነው።»

አባቷን አቅፋ አታውቅም ነበር፤ ያን ቀን አቀፈቻቸው። እጃቸው ግራና ቀኝ ተንጠልጥሎ ቀረ።

የዶናቱስ ቤት ሐይቁ ላይ በምሰሶ የቆመ ነው፤ ከሰገነቱ እስከ ሰማዩ ጥግ ውሃ ነው። ሊፌን ግን ከሠርጉም በኋላ የምትቀመጠው በግድግዳውና በውሃው በርሜል መሃል ባለች ጠባብ ቦታ ነበር። አማቷ «ሙሽራችን እንደ ዶሮ ጥግ ትወዳለች» እያሉ ይስቁባታል። ዶናቱስ አልሳቀም። አንድ ቀን መጥቶ ጉልበቱን አጣጥፎ አጠገቧ ተወሸቀ።

«ጠበበን እኮ» አለችው።

«አንቺ ካለሽበት እኔም እለምደዋለሁ።»

«አትልመደው!» አለች። እየሳቀች ነበር፤ እንባዋ ግን ወረደ።

ስልኳን አላነሳ ብለው የከረሙት አባቷ ከወራት በኋላ ራሳቸው ደወሉ።

«በላ» አሉ። «ከእጄ በላ።»

«ይዞራል ወይ ፓፓ? እስከ ጀርባው መስታወት ይደርሳል?»

«እስከዚያ አልደረሰም። እስከ መሃሉ ግን ይመጣል።» ሊፌን ትንፋሻቸውን ትሰማለች። «አንቺስ?»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ተነሥታ ወደ ሰገነቱ ወጣች። ታች ዶናቱስ ጀልባውን ሲያስር ቀና ብሎ አያት።

«እኔም እስከ መሃሉ ነኝ፣ ፓፓ» አለች።