በእጄ ሞክሬዋለሁ

«ዘጠነኛዋም እምቢ አለች» አሉ የኮምፒውተር መምህርቷ፣ ጠረጴዛው ስር እንዳጎነበሱ። «እስኪ ማብሪያዋን አንዴ ድገሚልኝ።»

ጉንዳን ደገመችው። ማራገቢያው ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ ተንገራግጮ መዞር ጀመረ። ስክሪኑ ላይ ሦስት ነጭ መስመሮች ብቅ አሉ፤ ከዚያ «ሀርድ ዲስክ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ መጣና እዚያው ደርቆ ቀረ። ከኋላ ከቆሙት የክፍሏ ልጆች አንዱ «ቲቸር፣ ይቅበሯቸውና እንገላገል» ሲል ክፍሉ በሳቅ አለቀ። መምህርቷ አልሳቁም። ቅዳሜን ሙሉ ቀን ብቻቸውን ሲባዝኑ ውለው አሥራ አንዱም ኮምፒውተሮች ላይ አዲሱን ስርዓት የጫኑት እሳቸው ናቸው። የጫኑትም ጉንዳን «ተሞክሯል፣ ምንም ችግር የለውም» ስላለቻቸው ነው።

ጉንዳን ደግሞ አልሞከረችውም ነበር።

ጉንዳን ቤተሰብ ያወጣላት ስም አይደለም። የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ ስሙን ያገኘችው አይታቸው ከማታውቃቸው ሰዎች ነው። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች በዕድሜ ይበልጧታል፤ ገበያ ላይ ያሉት አዳዲስ ስርዓቶች ዞር ብለውም አያዩዋቸውም። እነሱን እስካሁን የሚያስነሳ የቀረው ኦፕሬቲንግ ሲስተም አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ባለቤት ኩባንያ የሌለው፣ በነፃ የሚታደል፣ በጎ ፈቃደኞች ከሥራቸው በተረፈ ሰዓት እየጠጋገኑ ያቆዩት ነው። በጎ ፈቃደኞቹ የሚገናኙት በአንድ የኢሜይል መድረክ ላይ ነው፤ አንዱ የጻፈውን ሁሉም ያነበዋል፣ ሁሉም ይከራከርበታል። ከሁለት ዓመት በፊት ጉንዳን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጽፍ፣ ያገኘቻቸውን አሥራ አራት ጥቃቅን ስህተቶች አንድ በአንድ አከታትላ ላከች። አንዱ «ይሄ ሰው ነው ወይስ የጉንዳን ሰልፍ?» ብሎ ቀለደ፤ ስሙም በዚያው ጸና። ቤት ውስጥ ወንድሟ ሰምቶ ሲስቅባት ሰነበተ።

ከስርዓቱ ውስጥ አሮጌ ማሽኖቹን የሚመለከተውን የኮድ ክፍል የሚጠብቁት፣ መድረኩ ላይ አናጢው የሚባሉት ሽማግሌ ናቸው። የእውነት አናጢ ናቸው። የበርና የመስኮት ንድፍ የሚሠሩባት አሮጌ ኮምፒውተር እንጨት ከሚላግበት ክፍል ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ኪቦርዱ ውስጥ ሰጋቱራ ስለሚገባ ደብዳቤዎቻቸው ላይ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ፊደል ይጎድላል። ማንንም አንተ ወይም አንቺ አይሉም። ጉንዳንን በዚህች ምድር ላይ «እርስዎ» የሚላት ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው። መጀመሪያ ስታነበው ወንበሯ ላይ ተንፈራፍራ ነበር የሳቀችው፤ እያደር ግን ደብዳቤያቸውን ስታነብ ቀጥ ብላ መቀመጥ ለመደች።

እነዚህ ሰዎች አንድ ጥብቅ ልማድ አላቸው። አዲስ ዕትም ከመውጣቱ በፊት ለእያንዳንዱ የማሽን ዓይነት ሁለት ሰዎች ስርዓቱን እውነተኛ ማሽን ላይ ጭነው፣ አጥፍተው፣ አስነስተው፣ «በእጄ ሞክሬዋለሁ፤ ይነሳል» ብለው መጻፍ አለባቸው። ሁለት ሰው ያልጻፈለት ማሽን ከዝርዝሩ ይሰረዛል። ፎቶ ላክ የሚል የለም፣ ምስክር አምጣ የሚል የለም። ያለው ቃል ብቻ ነው። ለአሮጌዎቹ ማሽኖች የሚጽፉት አናጢውና ጉንዳን ነበሩ፤ ሦስተኛ ሰው ተፈልጎ ጠፍቷል።

ለሰባት ዕትሞች ትምህርት ቤት ገብታ አራተኛዋ ኮምፒውተር ላይ በእጇ ሞክራለች። በስምንተኛው የፈተና ሳምንት ሆነና የኮምፒውተር ክፍሉ ተቆለፈ። የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ጉንዳን የወንድሟን ላፕቶፕ ከፍታ፣ አሮጌ ማሽን አስመስሎ በሚያሳይ ፕሮግራም ውስጥ ስርዓቱን ጫነችው። ተነሳ። «ያው ነው» አለች ለራሷ፤ ያቺን መስመርም ጻፈች። ካልጻፈች አሮጌዎቹ ይሰረዛሉ፤ እንዲያውም ለእነሱ ብላ ነው የዋሸችው።

ያው አልነበረም። የትምህርት ቤቱ ማሽኖች ሀርድ ዲስኮች እንደ ጥብጣብ ሰፊ በሆነ ገመድ የሚገናኙ የድሮ ዓይነት ናቸው። በዚህ ዕትም ከዲስክ ጋር የሚነጋገረው ኮድ በአዲስ ተተክቷል፤ አዲሱ ያን ገመድ አያውቀውም። መጫኛው ግን ገና በድሮው ኮድ ስለሚሠራ፣ ጉድለቱ የሚታየው ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ብቻ ነው። የአናጢው ኮምፒውተር ዲስኩ በአዲስ ዓይነት ተቀይሮላታል፤ አስመሳዩ ማሽን ደግሞ ገመድም የለው፣ ዲስክም የለው። ጉድለቱን ልትይዘው ትችል የነበረችው አንድ ማሽን ብቻ ነበረች፤ አራተኛዋ።

ሰኞ ከሰዓት ቤት እንደገባች ኢሜይሏን ከፈተች። መድረኩ ታምሷል። ከሌሎች ሦስት ቦታዎችም «አልተነሳም» የሚል መጥቷል። ስርዓቱን በየሳምንቱ የሚገጣጥመው፣ ፈጣኑ የሚሉት ልጅ፣ ረጅም ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ለአሮጌዎቹ ብቻ የእሱ ኮምፒውተር ሁለት ቀን ሙሉ ሲገጣጥም እንደሚውል፣ የሚጠቀምባቸው ሰው በጣት እንደሚቆጠር፣ ባለፉት ሰባት ወራት የፈሰሰው ድካም ለሌላ ሥራ መዋል ይችል እንደነበር ዘረዘረ። «ለሙዚየም አይደለም የምንሠራው» ሲል ዘጋው። ጉንዳን ልትናደድበት ፈለገች፤ ግን የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር።

ከሁሉ የከበዳት የአናጢው መልስ ነው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል። «ጉንዳን በእጃቸው ሞክረው ይነሳል ብለዋል። እሳቸው ካሉ ተነስቷል ማለት ነው። ስለዚህ ያበላሸሁት ከሙከራው በኋላ ነው። የለውጦቹን መዝገብ ሳየው በዚያው ቀን ማታ አንድ ነገር ነክቻለሁ። ማብራሪያ ብቻ ያረምኩ መስሎኝ ነበር። ኮዱን ሳልነካ አልቀረሁም፤ አላስታውሰውም። ሰሞኑን ሌላም የምረሳው ነገር በዝቷል። ቁልፉን ለጉንዳን ላስረክብ፤ እኔ በሙከራው ብቻ ልርዳ።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ማብራሪያ ማለት ኮዱ ጎን ለሰው የሚጻፍ፣ ማሽኑ የማያነበው ማስታወሻ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ ኮዱን የመለወጥ ፈቃድ ነው፤ አናጢው ዘጠኝ ዓመት ይዘውታል። ሽማግሌው የገዛ አእምሯቸውን እየተጠራጠሩ ነው፤ የእሷን ቃል ግን አልተጠራጠሩም።

ማክሰኞ የዕትሙ ኃላፊ፣ መድረኩ ላይ ነርሷ የሚሏት፣ ጻፈች። ነርሷ የሌሊት ተረኛ ስለሆነች ደብዳቤዎቿ አጫጭር ናቸው። ጉንዳን አናጢው የነኩትን መስመር ከኮዱ አውጥታ በእጇ እንድትሞክር፣ እስከ ሐሙስ ቀትር እንድታሳውቅ ጠየቀች። ከተነሳ ጥፋቱ ታውቋል፤ ቁልፉ ወደ ጉንዳን ይተላለፋል፣ ክፍሉም ይቀጥላል። ካልተነሳ ግን የፊተኛው ሙከራ ራሱ እንዴት እንደነበር መጠየቅ ይኖርብናል አለች።

ጉንዳን ለወንድሟ ነገረችው። ወንድሟ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነው፤ ላፕቶፑም የእሱ ስለሆነ ገና ከመጀመሪያው ያውቃል። አልጋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን ሲነካካ ነበር።

«ቀላል ነው» አለ። «ይነሳል በያቸው። ቁልፉን ትይዣለሽ። ከዚያ የድሮውን ኮድ ራስሽ ትመልሺና ቆንጆ አድርገሽ ታስተካክያለሽ። ማሽኖቹ ተረፉ፣ ትምህርት ቤትሽ ተረፈ።»

«እሳቸውስ?»

«ሽማግሌው? እሳቸው እንደሆኑ ራሳቸው ናቸው ጥፋቱን የወሰዱት። አንቺ ምን አልሽ? ምንም። ዝም አይነቅዝም።»

«አእምሮዬ ሄደ ብለው እያሰቡ ነው እኮ።»

«አቦ አታካብጂ። ሰውየውን አታውቂያቸውም። ስማቸውን እንኳ አታውቂም።»

ይህም እውነት ነበር። ሰሞኑን እውነት የሚናገር ሰው በዝቶባታል። የከፋው ደግሞ የወንድሟ ሐሳብ የሚሠራ መሆኑ ነው። ከየትም ብታዞረው ቀዳዳ አጣችበት። እውነቱን ብትናገር ቃሏ ከእንግዲህ አይቆጠርም፤ ቃሏ ካልተቆጠረ ሁለተኛ ሞካሪ የለም፤ ሁለተኛ ሞካሪ ከሌለ አሮጌዎቹ ይሰረዛሉ። ብትዋሽ ይተርፋሉ። ያን ቀን እራቷን ሳትበላ ተነሳች፤ እናቷ «አሞሻል?» ብትላት «ፈተና ነው» አለች። እንዲህ ነው፣ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይመጣል።

ረቡዕ ከትምህርት በኋላ መምህርቷን የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ሳይጠይቁ ሰጧት፤ የተማሪ ደብተር ሊያርሙ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። ጉንዳን አራተኛዋ ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች። አናጢው የነኩትን መስመር ከኮዱ አወጣች። ጫነች። አሮጌ ማሽን አይቸኩልም፤ ከጀመረ ሁለት ሰዓት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው «ተጠናቋል» አለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ አንዴም ስልኳን አላወጣችም።

ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ኮዱን አንብባዋለች፤ ማብራሪያ እንደነበረ፣ ሽማግሌው ምንም እንዳላበላሹ ከሰኞ ጀምሮ ታውቃለች። ቢሆንም የሆነ ተአምር ጠበቀች። አጠፋቻት፣ አስነሳቻት። ሦስት ነጭ መስመሮች መጡ። ከዚያ «ሀርድ ዲስክ አልተገኘም» አለች፤ እዚያው ቀረች።

ጉንዳን ስልኳን አወጣችና ለመድረኩ ጻፈች። ብዙ ጀምራ ብዙ አጠፋች። ስለ ፈተናው፣ ስለ ተቆለፈው ክፍል፣ ስለ አሥራ አንዱ ኮምፒውተሮች የጻፈችውን ሁሉ ሰረዘችው። የቀረው ይህ ነበር፦

«መስመሩን አውጥቼ በእጄ ሞክሬዋለሁ፤ አይነሳም። ባለፈው ግን በእጄ አልሞከርኩም፤ በአስመሳይ ማሽን አይቼ ነው የጻፍኩት። አናጢው ምንም አላበላሹም።»

ላከችው። ከዚያ ተነስታ መስኮቱ አጠገብ ሄደችና ለመምህርቷም ነገረቻቸው። መምህርቷ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ ድካም ነው ያየችው።

«የድሮው ዕትም በፍላሽ አለሽ?»

«አለኝ።»

«ስንት ጊዜ ያቆየናል?»

«አንድ ዓመት። ከዚያ የሚጠግነው የለም።»

«ዳይሬክተሩ ክፍሉን ለመጋዘን ከጠየቀኝ ቆይቷል» አሉ መምህርቷ፤ ወደሚያርሙት ደብተርም ተመለሱ።

ሐሙስ ቀትር ላይ የነርሷ ደብዳቤ መጣ። አራት መስመር ነው። ጉንዳን ስለተናገረች አመሰገነች፤ ስሟ ከሞካሪዎች ዝርዝር መውጣቱን፣ የአሮጌ ማሽኖች ክፍል ከሚቀጥለው ዕትም ጀምሮ መዘጋቱን አሳወቀች። ፈጣኑ ምንም አልጻፈም። ደስ ብሎት ቢጽፍ ይሻላት ነበር።

አናጢው የጻፉት ለእሷ ብቻ ነው። እንደ ወትሮው ፊደል ይጎድለዋል፤ እንደ ወትሮው «እርስዎ» ይላል።

«መልእክትዎ ደረሰኝ። የነካሁትን መስመር ደግሜ አየሁት፤ ማብራሪያ ብቻ ነበር። ሦስት ቀን ራሴን ስጠራጠር ነው የሰነበትኩት፤ ሐኪም ቤትም ልሄድ ቀጠሮ ይዤ ነበር። ክፍሉ ከተዘጋ እኔም እዚህ የምሠራው የለም። ደህና ይሁኑ።»

ይቅርታ አድርጌልዎታለሁ የሚል ቃል ፈልጋ አጣች። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ሌላ ደብዳቤ ጠበቀች። ደግማ ደጋግማ ይቅርታ ብትጽፍላቸውም መልስ አልመጣም። ከመድረኩ ዝርዝር ላይ ስማቸው ጠፍቶ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የድሮውን ዕትም የያዘውን ፍላሽ ይዛ ትምህርት ቤት ሄደች። መምህርቷ ቀድመዋት መጥተዋል። ሁለቱ ብዙ ሳይነጋገሩ እየተከፋፈሉ ሲጭኑ ዋሉ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የአሥራ አንዱም ተጠናቀቀ። ጉንዳን የመጀመሪያዋን አጥፍታ አስነሳቻት። ሦስት ነጭ መስመሮች መጡ፣ አለፉ፤ ሰማያዊው ስክሪን ወጣ። ደስ አላላትም። አንድ ዓመት ነው፤ ከዚያ የእነዚህ ጠረጴዛዎች ቦታ ላይ የተሰበሩ ወንበሮች ይደረደራሉ።

መምህርቷ ቦርሳቸውን አነሱ። «አንድ ፍላሽ፣ አንድ ዓይነት ማሽን። የቀሩትም ያው ናቸው። ሂጂ ቤትሽ፣ ደክሞሻል።»

ጉንዳን ወንበሯን ጎትታ ወደ ሁለተኛዋ ዞረች፤ አጠፋቻትና ማብሪያዋን ተጫነች።