ውሃ ለሁለት ሰው

ገነነ የሲጋራውን ፓኮ ባንኮኒው ላይ ገፋ አደረገው። አጥናፉ አንድ መዝዞ ለኮሰና ፓኮውን ኪሱ ከተተ።

ፓኮው ውስጥ የተደበቀው የካርታው ግልባጭ አለቃው እጅ ገባ።

ገነነ በአለቃው በአጥናፉ የመንግሥት ሰላዮች መዝገብ «ድርጭት» ነው፤ በፒያሳው ጋራዥ ግን መካኒኩ አብዱልሃሚድ። ሦስት ወር ሙሉ አልጋ የተገጠመለት ተሳቢ ሲያበጅ ከረመ። ተሳቢው በላንድሮቨር እየተጎተተ የአፋርን አሸዋ አቋርጦ ቀይ ባሕር ይደርሳል፤ ከአልጋው ሥር መሣሪያ ሸሽጎ ይመለሳል። ካርታው መረካከቢያውን ቦታ ይናገራል። ካርታው የት እንደተደበቀ ለገነነ የጠቆመው ሾፌሩ ሽኩር ነው። ገነነን ጋራዡ ያስቀጠረው፣ ቤቱ ወስዶ ያበላው ሽኩር።

«ሽኩርን ፖሊስ በመንጃ ፈቃድ ሰበብ ከጉዞው ያስቀረዋል ብለውኝ ነበር» አለ ገነነ።

«ጠዋት ጊዮርጊስ ጋ ምን ነካህ?»

ገነነ ክው አለ። ተሳቢውን ሲሞክሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲደርስ ቆቡን አውልቆ እጅ ነስቶ ነበር። አብዱልሃሚድ ሆዬ ተሳልሞ አለፈ! አመል ያወጣል ከመሀል። የጉዞው አለቃ አርአያ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር።

«አርአያ መሀላችን ሰላይ አለ ብሎ ተነሣ» አለ አጥናፉ። «አንተን ክርስቲያን ቤት ያደገ ነው ብለን በሌላ ሰው አፍ አስወራንልህ። ወሬ አቀባዩ ግን ሌላ ነው አልን።»

«ማን አላችሁ?»

«ሽኩር።»

«ምነው ጌታዬ! ቃል ሰጥተውኝ!»

«አንተን ከማጣት ይሻላል። መኪናው ካልሄደ ደግሞ መሣሪያው አይያዝም። ትንፍሽ እንዳትል!»

ገነነ ሮጠ።

ጋራዡ በር ላይ የላንድሮቨሩ ሞተር ተነሥቷል። አርአያና አብሯቸው የሚጓዘው ፈረንጅ ተሳፍረዋል። ሽኩር ጎንበስ ብሎ የተሳቢውን ሰንሰለት ይፈትሻል።

«አብዱልሃሚድ» አለው ሽኩር ዝቅ ባለ ድምፅ። «አሸዋ ላይ ጎማውን አስተንፍሰህ ትወጣዋለህ። ውሃ ግን በሰው ልክ ነው የሚጫነው። ለአንድ ሰው ሁለት ጀሪካን። እስቲ ቁጠር።»

ቆጠረ።

አራት።

ተጓዦቹ ሦስት ናቸው።

«ጠየቅኳቸው፤ ይበቃል አሉኝ» አለ ሽኩር። ሊስቅ ሞከረ። «ወንድሜ፣ መይሙናን አደራ።»

«አትገባም እንዴ!» አርአያ ጮኸ። ቀኝ እጁ ኮቱ ውስጥ ነው።

ገነነ አፉን ከፈተ።

ዘጋው።

ተሳቢው እየተንገጫገጨ ቁልቁለቱን ወረደ። ገነነ እንባው መጣበት፤ መካኒክ ለመኪና አያለቅስምና ፊቱን በዘይት ጨርቅ ሸፈነ።

በወሩ መሣሪያው ከነአርአያ ተያዘ። ላንድሮቨሩን ይነዳ የነበረው ፈረንጁ ነው። ሽኩር የት እንደቀረ የጠየቀ የለም። አጥናፉ የገነነን እጅ ጨበጠ፣ ሌላ ስምና ከረባት ሰጠው። ምን ዋጋ አለው!

አንድ ቀን በአትክልት ተራ ሲያልፍ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ከመደቧ ብድግ አለች። የሽኩር ሚስት መይሙና ናት።

«አብዱልሃሚድ! ወንድሜ! ሽኩርስ?»

ሰው ዘወር ብሎ ያያል። አራት ኪሎ በአዲሱ ስሙ የሚጠብቁት አሉ።

«ሰው ተሳስተሻል፣ እህቴ።»

መይሙና ከረባቱን አየች። አፈረች።

«ይቅርታ ጌታዬ» አለችው።