በሦስት መርፌ የሸጥኩት ወንድሜ

መጀመሪያ በአንድ ነገር እንስማማ፣ እኔ የጋኔን ወሬ ሲወራ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ቁስቋም የድሮው ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ውስጥ የሴት ኮቴ ይሰማል ካሉ ልጆች ጋር ተወራርጄ ብቻዬን ገብቼ፣ የሰማሁት የፍየል ሳል መሆኑን ተናግሬ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ዘንድሮ ደግሞ የአማርኛ አስተማሪያችን ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበቡልኝ ወዲህ ያላየሁትን አልጽፍም ብዬ ምያለሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ስለማምንበት አይደለም፣ ስለሆነ ነው።

ቤታችን ቁስቋም መውጫው ላይ ነው፣ ጣሊያን ትቶት የሄደ የብረት በር አለው፣ መንገዱ ሲጀምር የመጀመሪያው በር የእኛ ስለሆነ የሚለምንም የሚሸጥም ሁሉ እጁን የሚያሟሸው በእኛ ነው። የሚያንኳኳውን ማስተናገድ የእኔ ሥራ ነበር፣ ያኔ አሥር ዓመቴ ነው፣ እመኑኝ በዚህ ሥራ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ስለ ማርያም ለሚል ተማሪ ቁራሽ እሰጣለሁ፣ ጥላ ዘርግቶ ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የሚለምነውን መነኩሴ መስቀል ስሜ እሸኛለሁ፣ ሳጥኑን በደረቱ አንግቶ መርፌ፣ ክር፣ ማበጠሪያና መስተዋት የሚያዞረውን ሱቅ በደረቴ ግን «እናቴ የለችም» ብዬ ነው የምመልሰው። አንድ ቀን እንደዚያ ስል እናቴ ከውስጥ «የለችም በይው!» ብላ ጮኸች፣ ሰውየው «እሺ፣ ስትመጣ ሰላም በይልኝ» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

ከእኔ በኋላ እናቴ ሁለት ወንዶች ወልዳ ሁለቱም ክርስትና ሳይነሱ ሞተውባታል። ሦስተኛው ሲወለድ አክስቴ አንጓች እናቴን ልታርስ ከመካነ ብርሃን መጣች፣ ገና በቅሎዋን ሳታስር «ይኸ ልጅ ይሸጥ» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ልጅ አልበረክት ያላት እናት የወለደችውን በደጇ ለመጣ እንግዳ በትንሽ ነገር ትሸጣለች፣ ሞት ሊወስድ ሲመጣ የእሷ አይደለም፣ የሌላ ሰው ነው ተብሎ ይመለሳል። ገዢው ዕቃውን ይሰጥና ልጁን ታቅፎ «ገዛሁ» ይላል፣ ከዚያ መልሶ ሲሰጥ «አሳድጉልኝ» ይላል። ይቺን የመጨረሻዋን ቃል ካላለ ልጁ የእሱ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። እናትም ገዢውን ማየት የለባትም።

እንግዲህ በቀን አምስቴ የሚንኳኳ በራችን፣ እመኑኝ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ዝም አለ። ለማኝም የለ፣ ሻጭም የለ። አክስቴ «ምነው፣ ይቺ ልጅ አባርራ ጨረሰቻቸው እንዴ?» እያለች ደጃፉን ታያለች፣ እኔም ያባረርኳቸውን በልቤ እየጠራሁ ኑ እላለሁ። በአራተኛው ቀን «ሰው ከመጣ እስክመለስ ያዥው» ብላኝ ወፍጮ ቤት ሄደች።

ቀትር ነበር። እኛ ሰፈር በቀትር የጠራሽን ሦስተኛ ሳይደግም አቤት አትበይው ይባላል፣ ጋኔነ ቀትር ሁለቴ እንጂ ሦስቴ መጥራት አይሆንለትም ስለሚሉ ነው። የበሩ ማንኳኪያ ቀለበት ብረቱን ቀጭ፣ ቀጭ ሲያደርግ ሰማሁ፣ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተከተለ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ቤቶች!»። ሦስተኛውን መጠበቅ ማን አስታወሰ፣ እንዳይሄድብኝ ሮጬ ከፈትኩ።

ረጅም ሱቅ በደረቴ ነው፣ ሰፈራችን ውስጥ አይቼው አላውቅም፣ ያን ሁሉ አቧራ መንገድ መጥቶ ጫማው ላይ አንድ ብናኝ የለም። ውሻችን ቦቢ፣ ቄሱን እንኳ የሚጮህባቸው ቦቢ፣ አገጩን በእግሮቹ ላይ አሳርፎ ተኛ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ቆማ በሳጥኑ ከተደረደሩት መስተዋቶች አንዱም አላብለጨለጨም። ይህን ሁሉ ያየሁት ያኔ ነው፣ ያሰብኩት ግን ኋላ ነው።

«የምትገዙት አለ?» አለኝ።

«የለም፣ የምንሸጠው ነው ያለን።»

ሳይስቅ «ምን?» አለ።

«ወንድሜን።»

ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ልጁን በጀርባዋ በኩል አቀበለችኝ። ሰውየው አንድ መርፌ አወጣ። እኔ ደግሞ ገበያ ላይ ስትከራከር የማየውን የአክስቴን ፊት አደረግሁና «በአንድ መርፌ? ዶሮ እንኳ በአንድ መርፌ አይሸጥም! እዩት እስቲ እንዴት ያለ ሸጋ ልጅ ነው!» አልኩ።

«ሁለት።»

«ሦስት ያድርጉትና ይባረክልዎ።»

ሦስተኛውን አወጣ፣ ልጁን ተቀብሎ ደረቱ ላይ፣ ሳጥኑ ክዳን ላይ አስቀመጠው፣ ለረጅም ጊዜ አየው፣ «ገዛሁ» አለ። መርፌዎቹ በዚያ ፀሐይ የምንጭ ውኃ ያህል ይቀዘቅዙ ነበር፣ እኔ ግን አንድ ያለኝን ሦስት ማድረሴ አስክሮኝ ቀዳዳቸውን ወደ ሰማይ እያየሁ ነው፣ ልጁን ክንዴ ላይ ሲመልስልኝም ቀና አላልኩም። በሩ ሲዘጋ ሰማሁ።

«ሸጥሽው?» አለች እናቴ ከግድግዳው ሳትዞር።

«በሦስት!»

አለቀሰች፣ ደስ ብሏት ነው። አክስቴ ዱቄቷን እንደተሸከመች ገብታ ሁሉንም ሰማችና «ጎሽ የኔ ሸጋ! አሳድጉልኝም አለ?» አለችኝ።

አላለም ነበር። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኛ ዞራ እያየችኝ ነው፣ ያን ፊት ብታዩት እናንተም እንደኔ ትላላችሁ። «አለ» አልኩ።

ውኃ ልቀዳ ነው ብዬ ወጥቼ ሮጥኩ። አያ ካሴ ሸማኔው ከበራችን ፊት ለፊት ጉድጓዳቸው ውስጥ ተቀምጠው ይሸምናሉ፣ ከመወርወሪያቸው ቀጥሎ የሚያውቁት የእኛን በር ነው።

«አያ ካሴ፣ ሱቅ በደረቴው በየት ሄደ?»

«የምን ሱቅ በደረቴ? ከጠዋት ጀምሮ ከቄሱ አህያ በቀር ያለፈ የለም።»

ከማግስቱ ጀመረ። ቀትር ሲሆን ቀለበቱ ቀጭ፣ ቀጭ፣ «ቤቶች!»፣ ትንሽ ቆይቶ «ቤቶች!»፣ ከዚያ ዝም። እኔ ብቻ ብሰማው ጆሮዬን በጠረጠርኩ፣ እናቴም ከአልጋዋ ሆና «ምነው፣ ሰው ያንኳኳል፣ አትመልሽውም?» ትለኛለች፣ «እናቴ የለችም ብዬዋለሁ» እላታለሁ፣ ትስቃለች። ቦቢ አገጩን ያሳርፋል። ልጁ ግን ጡቱን ይለቅና ራሱን ወደ በሩ ያዞራል፣ አንገቱ ገና ያልጠና ሕፃን! ድምፁ ሲጠፋ ተመልሶ ይጠባል። ይህ በየቀኑ ሆነ፣ ሦስተኛ ጥሪ አንድም ቀን አልመጣም።

አሁን ጭንቀቴን ታያላችሁ፣ ባልመልስለት ልጁ የእሱ እንደሆነ ይቀራል፣ ብመልስለት ደግሞ ማን እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ለአክስቴ እንዳልነግር ዋሽቻለሁ፣ እናቴ ደግሞ ልጁ ተሽጧል ብላ ልቧ አርፎ ወተቷ ሞልቷል። የክርስትናው ዋዜማ ደረሰ፣ የፊተኞቹ ሁለቱ ከዚህ ቀን አላለፉም። ቀትር ላይ ከበሩ ኋላ ቆሜ ጠበቅሁት።

«ቤቶች!»

«ቤቶች!»

«አቤት!» አልኩ። «አሳድጉልኝ ይበሉ!»

የሳጥኑ ማንገቻ ሲንቋቋ ይሰማኛል፣ ሰው ክብደቱን ከአንድ እግሩ ወደ ሌላው ሲያዛውር እንደሚሆነው። ከዚያ በደህና ድምፅ፣ ሰው ዕቃ አደራ ሲሰጥ እንደሚጠይቀው፣ «እስከ መቼ?» አለኝ።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ማሳደግ እስከ መቼ ነው? አፌ ላይ የመጣውን አልኩ።

«እስኪያድግ!»

«ይሁን» አለ። «አሳድጉልኝ።» የሳጥኑ ክዳን ሲከደን ሰማሁ፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት፣ መንገዱ ባዶ ነው፣ አያ ካሴ መወርወሪያቸውን ይዘው ያዩኛል።

«አንቺ ልጅ፣ ከበር ጋር መጨቃጨቅ ጀመርሽ?»

«ሌላ ድምፅ አልሰሙም?»

«ያንቺን ብቻ። ይልቅ ያ ውሻችሁ ታሟል መሰለኝ፣ ምነው ጅራቱን ይቆላል?»

ከዚያ ቀን ወዲህ አልተንኳኳም። ልጁ ክርስትና ተነሣ፣ ስሙ ለውጤ ተባለ፣ እነሆ ስድስት ዓመት ሞላው፣ ጉንፋን እንኳ ደፍሮት አያውቅም፣ እናቴ ለሰፈሩ ሴት ሁሉ «ሽጡ፣ ሽጡ» እያለች ትመክራለች። መርፌዎቹ እኔ ዘንድ ናቸው፣ ዝገት የሚባል አላወቁም። አባቴ አስመራ ድረስ ማኪና ይነዳል፣ በመጣ ቁጥር ለውጤን ወደ ላይ አንሥቶ «አደገ እኮ ይኸ ሰውዬ!» ይላል፣ እኔም ከየትም ሆኜ «ገና ነው፣ ገና ነው» እላለሁ፣ ቤተ ሰቡ የምቀና መስሎት ይስቅብኛል። ሱሪው ሲያጥር ደግሞ ማንም ሳያይ ጫፉን ፈትቼ እለቅለታለሁ፣ የምሰፋው በዚያው መርፌ ነው፣ ቀጭን ስለሆነ ስፌቱ አይታይም። ዘንድሮ ግን የሚለቀቅ ጨርቅ አልቋል።

ባለፈው ቅዳሜ በቀትር ለውጤ ግቢ ውስጥ ጭቃ ሲያቦካ ነበር። በድንገት እጁን አቆመና ራሱን ወደ በሩ አዞረ። ቦቢ አርጅቷል፣ እያዘገመ መጥቶ አገጩን በእግሮቹ ላይ አሳረፈ። እኔ የሰማሁት ነገር የለም፣ እውነቱን ነው የምላችሁ፣ ምንም አልሰማሁም። ለውጤ ግን የሚያዳምጠውን አዳምጦ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረ።

«እትዬ፣ እኔ አድጌያለሁ?»

«ገና ነህ!» አልኩት፣ ጮክ ብዬ፣ እስከ በሩ ድረስ እንዲሰማ።