በምናሴ ጣት ሥር

ምናሴ ጠዋት ቢሮው ገብቶ በሩን ሲዘጋ፣ የአበባ እርሻው መልእክት ሁሉ ደጅ ይጠናው ነበር። የእርሻው የኮምፒውተር ኃላፊ ነው፤ መልእክት የሚያጣራውን ፕሮግራም የጻፈውም ራሱ ነው፦ ከመጋዘን የሚላከው ሁሉ ኔትወርኩ ላይ ተይዞ ይሰለፋል፣ እሱ ያነበዋል፣ ከዚያ «ይለፍ» ወይም «ይጣል» የሚለውን ይጫናል። ማሽኑ ለምን ራሱ አይለይም ሲሉት የመሃይም ወሬ ኔትወርኬን አያጨናንቅም ይላል። አቤት ሲንቅ! የናቁት ያስረግዛል የሚለውን የነገረው የለም።

ባለፈው ማክሰኞ የማቀዝቀዣ ክፍሉ ሠራተኛ ጋሽ ደበላ፣ አበባ በሚመዘግብበት ታብሌት ሦስት ጊዜ ጽፎ ነበር፦ በሩ እምቢ አለኝ፣ ብርዱ በረታብኝ፣ የሰው ያለህ። ምናሴ አነበበና፣ ይሄ ሽማግሌ በር መክፈትም አቃተው ብሎ እየሳቀ ሦስቱንም ጣላቸው። ረቡዕ ጽጌረዳው መሃል በብርድ ደርቆ፣ ሞቶ አገኙት። ዛሬ ከምሳ በፊት ፖሊስ የኔትወርኩን መዝገብ ሊያይ ይመጣል፤ ምናሴ ሦስቱን መስመሮች ካላጠፋ ዘብጥያ ነው።

አንዱን እንዳጠፋ ሰልፉ ላይ አዲስ መልእክት ገባ። የላከው የጋሽ ደበላ ታብሌት ነው፤ ታብሌቱ ግን ፖሊስ ጣቢያ ታሽጎ ተቀምጧል። «በሩ እምቢ አለኝ» ይላል። የመጋዘን ዱርዬዎች ሊቀልዱበት መሰለውና ጣለው። ሌላ መጣ፣ ጣለው፤ አሥር መጣ። መስኮት የሌለው ክፍል እርጥብ ጽጌረዳ፣ የበሰበሰ ግንድና ውሃ እየሸተተ፣ የማሽኖቹ ጉርምርምታ ከጀርባው እየተጠጋ፣ ትንፋሹ በጠራራው ቀን እንደ ጉም ከአፉ እየወጣ፣ ጣቶቹ ደነዘዙ።

«ሞቶም ይነዘንዛል» አለና፣ ከፍርሃቱ ንቀቱ በልጦ፣ ምን ታመጣለህ ብሎ «ይለፍ»ን ተጫነ።

ሰልፉ ባዶ ሆነ። ማሽኖቹም ዝም አሉ። ምናሴ እፎይ ብሎ የቀሩትን ሁለት መስመሮች አጠፋ።

ወዲያው ጸሐፊዋ እትዬ ብርዛፍ ሁለት ፖሊሶች አስከትላ በሩን ከፈተች። ወንበሩን ትክ ብላ አየችው።

«አሁን እዚህ ነበረ እኮ» አለቻቸው።

አለሁ አላት። አልሰማችውም። እጇን ለመያዝ ሊነሳ ቢሞክር እግሩ አልታዘዘውም፤ መብራቱን አጥፍታ በሩን ከውጭ ቆለፈች። በጨለማው ስክሪኑ ላይ ከራሱ ማሽን የተላከ አንድ መስመር ተሰልፎ ፈቃድ ይጠብቃል፦ «አለሁ»። ምናሴ «ይለፍ»ን ሊጫን እጁን ሲዘረጋ፣ ከትከሻው በላይ የመጣ በረዶ የጋገረበት ጣት ቀድሞት «ይጣል»ን ተጫነ።