«እንደተገኘ» የሚለው መስመር

በየፋብሪካው «ሐኪሙ» ይሉታል። የሚያክመው ግን ሰው ሳይሆን መለኪያ ነው። ሻንጣውንና የጋዝ ሲሊንደሩን ይዞ ይመጣል፤ መሣሪያዎቹን መርምሮ ያስተካክላል፤ ወረቀቱን ሞልቶ ይሄዳል። ከሰው ጋር ብዙ አያወራም።

ያን ቀን የሄደው ወደ ዱቄት ወተት ፋብሪካ ነበር። የተቀበለችው የላብራቶሪው ኃላፊ ናት፤ ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ ጆሮዋ ላይ እስክሪብቶ የሰካች፣ ዓይኖቿ እንቅልፍ ያጡ ወጣት። ቀና ብላ ስታየው የያዘውን መፍቻ ጣለው። ከብዶኝ ነው ይላል እስከ ዛሬ።

የናይትሮጅን ማሽኑ ክፍሉ ጥግ ላይ ቆሞ በየደቂቃው ፉሽ ይላል። ከአየር ላይ ኦክስጅኑን አስቀርቶ ናይትሮጅኑን ወደ ወተት ጣሳዎቹ ይልካል። ኦክስጅን አብሮ ካለፈ ወተቱ ይበላሻል። ምን ያህል እንዳለፈ የምትናገረው ጎኑ ላይ ያለችው ትንሽ መለኪያ ናት።

«ሁሌም ዜሮ ነጥብ አምስት ከመቶ ነው የምትለው» አለችው።

«ሁሌም አንድ ቃል የሚናገር አያጠራጥርሽም?»

ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ግን ብዙ አልቆየም። «ሦስት ሺህ ጣሳ ወተት ሸተተብን። ጥፋቱ ወይ የጋዙ ነው ወይ የእሽጉ ተባለ። እኔ መለኪያዋን አይቼ ጋዙ ንጹሕ ነው ብዬ ፈረምኩ። የማሸጊያው ሠራተኛ ደግሞ አባቴ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ያሸገ ሰው ታገደ። ይኸው ሦስት ሳምንት፣ አንድ ገበታ ላይ ቀርበን አያናግረኝም።»

«ታዲያ ለምን ፈረምሽ?»

«ቁጥሩን አምኜ ነዋ! አባቴ ስለሆነ ልዋሽ?»

እንዲህም ዓይነት ሰው አለ እንዴ፣ አለ ሐኪሙ በሆዱ።

ሲሊንደሩን በቱቦ ከመለኪያዋ ጋር አገናኘ። መጋጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ቀብቶ ጋዝ እንደማያስመልጡ አየና ቫልቩን ቀስ አድርጎ ከፈተ። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ልክ ሁለት ከመቶ ነው፤ ተመዝኖ የምስክር ወረቀት አለው። ቁጥሩ እስኪረጋ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ነበረባቸው። እሷ ቁጥሩን ታያለች፤ እሱ እሷን ያያል። ዞር ስትል እሱ ቫልቩን ያያል። በዕድሜው እንደዚያ አጭር አሥር ደቂቃ አላሳለፈም።

ቁጥሩ ዜሮ ነጥብ አምስት ላይ ቆመ።

«ሁለት ማለት ነበረባት» አለች። «እስከ ዛሬ ዜሮ ነጥብ አምስት ስትል...»

«ሁለት ነበር። ወተቱን ያበላሸው ጋዙ ነው፤ አባትሽ አይደሉም። መጨረሻ ላይ ኦክስጅን የሌለበት ጋዝ አሳይቶ ዜሮ ያስያዛት ማነው?»

ክው አለች። «እኔ። ንጹሕ ናይትሮጅን የምናገኝበት ሲሊንደር አልቆ ነበር። ያው ናይትሮጅን ነው ብዬ ከራሱ ከማሽኑ ወሰድኩ።»

«ያን ጊዜም አንድ ነጥብ አምስት ኦክስጅን ነበረበት፤ እሷ ያንን ዜሮ ብላ ያዘች፣ በኋላ ሲብስበት ጭማሪውን ብቻ ነገረችሽ» አላት።

ሌባውን ለራሱ ምስክር አድርገሽ ጠራሽው ማለት ነው፣ ሊላት ፈልጎ ዋጠው። ወረቀቱን ከሻንጣው አወጣ።

ወረቀቱ ሁለት መስመር አለው፤ መሣሪያው ሳይነካ ለሚያሳየው ቁጥር «እንደተገኘ»፣ ከታከመ በኋላ ለሚያሳየው «እንደተስተካከለ»። ከሥሩ ምክንያት ይጻፋል።

«መሣሪያዋ አርጅታ ነው ብለን እንጻፈው» አላት። «አባትሽም ይመለሳሉ፣ አንቺም አትነኪም።»

እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ፍቅር ይዞታል ማለት ነው።

ወረቀቱን ከእጁ ወሰደች። «ለአባቴ ያላዳላሁ፣ ለራሴ ላዳላ?»

እስክሪብቶዋን ከጆሮዋ ላይ አውርዳ፣ ቁጥሩንም ጥፋቷንም በገዛ እጇ ጽፋ ፈረመች።

አባትየው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እሷ ከኃላፊነቷ ወርዳ ናሙና ሰብሳቢ ሆነች። ሐኪሙ በዓመት አንዴ የምትታየውን መለኪያ በየወሩ ሊያይ ይመላለስ ጀመር። ዘበኛው ሳይቀር ነቃበት።

«ሐኪም፣ በሽተኛዋ አልዳነችም እንዴ?»

«እሷስ ድናለች። የታመምኩት እኔ ነኝ።»

በስድስተኛው ወር፣ እሑድ ከሰዓት፣ ሐኪሙ እቤታቸው ሄዶ አባትየው ፊት ተቀመጠ። ቤቱ ውስጥ ኩርፊያው አልበረደም ነበር። «ሥራዬን የመለሰልኝ ባዕድ ነው፣ ልጄ አይደለችም» ይሉ ነበር ለሰው ሁሉ። እሷም አንድም ቀን አላስተባበለችም።

«ልጄን ያጋለጥካት አንተ ነህ። አሁን ደግሞ ላግባት ትላለህ። ምኗን አይተህ ነው?»

ከደረት ኪሱ የዚያን ቀን ወረቀት ቅጂ፣ ታጥፋ የቆየች፣ አውጥቶ ሰጣቸው። «ይህን አይቼ ነው።»

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸውና የእጅ ጽሕፈቷ አይጠፋቸውም።

«ራሷ ናት የጻፈችው?»

«እኔማ ልደብቅላት ነበር። እምቢ አለችኝ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ከዚያ ወደ ጓዳው ዞረው፣ ከታገዱ ጀምሮ ጠርተዋት በማያውቁት ስም ጠሯት።

«ልጄ!»

በሩ ላይ ብቅ አለች። ወረቀቱን አየች፣ አባቷን አየች፣ ሐኪሙን አየች።

«ይህ ሰው ሊያገባሽ ይፈልጋል» አሉ አባትየው። «ምን ትያለሽ?»

«ለእኔ ሲል ሊዋሽ የነበረውን ሰው?»

«እንዲያ ነው የተገኘሁት» አለ ሐኪሙ። «ያስተካከልሽኝ አንቺ ነሽ።»

ሳቀች። አባቷ በስተቀኝ ቦታ ለቀቁላት፤ ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠችና ራሷን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገች። ለሐኪሙ «እሺ» ያለችው ከዚያ በኋላ ነው።