ከሰዓቱ ሥር ያለው አግዳሚ

መምህር ጌቲን ቢቫን ቅዳሜ ጠዋት በሄርሞን ጸሎት ቤት፣ ከመስበኪያው ደረጃ ግርጌ፣ አንገቱ ተሰብሮ ተገኘ። በማግስቱ የጸሎት ቤቱ መቶኛ ዓመት ሊከበር፣ የሠሪው ስም የተቀረጸበት ድንጋይም ሊገለጥ እንግዶች ከካርዲፍ ተጠርተዋል። የመቶውን ዓመት ታሪክ እንዲጽፍ የታዘዘው ሟቹ ነበር።

ሳጅን ኢድዋል ፕሮሰር ሠላሳ ዓመት ያልረገጠውን ደፍ ተሻገረ። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ድንጋይ ካባ የገባ ሰው ነው። እናቱ ዊኒፍሬድ ያለ ባል ስለ ወለደችው፣ ሽማግሌዎቹ እዚሁ መስበኪያ ፊት አቁመው ከማኅበሩ አስወጥተዋታል። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ ስብከት የሚሰሙት ከሰገነቱ ሥር፣ ከመጨረሻው አግዳሚ ላይ ነበር። ይህ ይረሳል የሚል፣ ያልደረሰበት ነው።

ውስጥ ሦስት ሰዎች ጠበቁት፤ የሽማግሌዎቹ አለቃ ጆሳያ ማዶክስ፣ ፓስተር ቴጊድና ጽዳት ሠራተኛዋ ሊያ ፑ።

«የዊኒፍሬድ ልጅ አይደለህም?» አለ ማዶክስ። «ሌላ ፖሊስ ጠፋ?»

«ሌሎቹ ኳስ ሜዳ ናቸው። እኔ ደርሼዎታለሁ።»

ኢድዋል ጎንበስ ብሎ የሟቹን ጭብጥ ፈለቀቀ። ከአሮጌ ወረቀት የተቀደደ ጥግ ወጣ፤ በቀለም የተነደፈ የመስኮት ቅስት ግማሹ ይታያል፤ ከሥሩ «ዘ. ፑ» ይላል።

«ይኸው፣ ፑ!» አለ ማዶክስ። «ቁልፉ ያለው እሷ ዘንድ ነው። ትናንት ስትጮህበትም ሰፈር ሰምቷል።»

«የጮህኩት በጭቃ ጫማው ስለ ገባ ነው!» አለች ሊያ። «ለጭቃ የምገድል ብሆን ከእናንተ ከሽማግሌዎቹ ማን ይተርፍ ነበር?»

አፏ ደፋር ነው፤ ነገር ግን ለነፍሰ ገዳይ ገመድ እንደሚዘጋጅለት ታውቃለች፤ ለሊያ ፑ ደግሞ ጠበቃ የሚቆምላት የለም።

ፓስተሩ ከሐሙስ ጀምሮ በሌላ መንደር ቀብር ላይ ነበር፤ መቶ ሰው አይቶታል። ኢድዋል ወደ ማዶክስ ዞረ።

«እርስዎስ ትናንት መጥተው ነበር?»

«መጥቻለሁ፤ ምን እደብቃለሁ? ከበሩ አጠገብ ካለው ከመጨረሻው አግዳሚ ግን አላለፍኩም። እሱ ወዲያ ፊት ለፊት ይጽፋል። ቀና ብዬ ሰዓቱን አየሁ፤ አሥር ሰዓት ከሃያ ይላል። ደህና ዋል ብዬው ወጣሁ።»

«ቁጭ ብለው ነው ያዩት?»

«ቁጭ ብዬ። ጉልበቴን ያመኛል፤ ይኼም ወንጀል ነው?»

ኢድዋል መስበኪያው ላይ ወጥቶ ወደ በሩ አቅጣጫ ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ሊያን ለብቻዋ አነጋገራት።

«እትዬ ሊያ፣ ሰዓቱን ማን ነው የሚሞላው?»

«እኔ ነኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ። ዘንድሮ ማርጀቱ ነው መሰል፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቀጥ አለ። እስካሁን አልነካሁትም።»

ኢድዋል ተመለሰና ሦስቱንም ከመጨረሻው አግዳሚ አስቀመጣቸው።

«አቶ ማዶክስ፣ አሁን ስንት ሰዓት ይላል?»

ማዶክስ ቀና አለ። ከራሱ በላይ ያለው የሰገነቱ ሆድ፣ ጥቁር ሳንቃ ብቻ ነበር።

«ሰዓቱ የተሰቀለው ከሰገነቱ ግንባር ላይ ነው» አለ ኢድዋል፤ «ሰባኪው እንዳያስረዝም ፊቱ ወደ መስበኪያው ነው። እርስዎ አርባ ዓመት ከመስበኪያው ሥር፣ ፊትዎን ወደ ሕዝቡ አዙረው በሽማግሌዎቹ ወንበር ሲቀመጡ አይተውታል፤ ሁሉም ሰው የሚያየው መሰለዎት። እኔ ሰባት ዓመት እዚህ ተቀምጬ ስብከቱ ምን ያህል እንደ ቀረው አንድ ቀን አላወቅኩም። ይኼ አንድ። ሁለተኛ፣ ሰዓቱ ከሐሙስ ጀምሮ ቆሞ የሚያሳየው አሥር ሰዓት ከሃያ ነው። ትናንት ያንን ያነበበ ሰው የቆመው ፊት ነው፤ ከሟቹ አጠገብ። ሦስተኛ፣ ወረቀቱ። ንድፍ የሚያወጣ ሰው ስሙን ጥግ ላይ ይጽፋል። ስሙ በዘ የሚጀምር ፑ ደግሞ በመንደራችን አንድ ብቻ ነበር፤ ዘካርያስ ፑ፣ የእትዬ ሊያ አያት። ይህን ቤት ነድፎ የሠራው እሱ ነው፤ ነገ በሚገለጠው ድንጋይ ላይ ያለው ስም ግን የአያትህ የማዶክስ ነው።» እርስዎ ማለቱን መተዉን ራሱም አላስተዋለም።

ሊያ አፏን በእጇ ያዘች። «አያቴ? ሰካራም ነው ብላችሁ ያባረራችሁት?»

«ወረቀቱን ነው የሳብኩት» አለ ማዶክስ፣ ድምፁ ሰልሎ። «ልቀቀው ብለው አልለቅም አለ። ደረጃው ላይ ነበርን።»

«ወድቆ ሲሰበር ለምን ሰው አልጠራህም? ዛሬስ እሷን ወደ ገመድ ስትገፋት እጅህን ማን ሳበው?»

ማዶክስ ዓይኑን ወደ መስበኪያው ደረጃ መለሰ።

«የቀረው ወረቀት የት አለ?»

«ምድጃ ውስጥ።»

ኢድዋል ማዶክስን ካሰረው በኋላ ፓስተር ቴጊድ ጎሮሮውን ጠረገ። «ሳጅን፣ ስለ ነገው... እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው። ድንጋዩም አንዴ ተቀርጿል። ከአንዲት ቁራጭ ወረቀት በቀር ደግሞ ማስረጃ...»

«ገባኝ፣ ፓስተር። ገዳዩን ያዝኩላችሁ፤ ድንጋዩን እናንተ ታውቃላችሁ።»

ጣቢያው መኪና እስኪልክ ከእስረኛው ጋር በዚያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ሊያ እንባዋን ጠርጋ ወደ ሰገነቱ ወጣች፤ ቅዳሜ ነውና ሰዓቱን ሞላችው። ሰዓቱ ከኢድዋል ራስ በላይ መምታት ጀመረ። ኢድዋል ድምፁን ሰማ፤ ፊቱን ግን ከዚያ ቦታ ያን ቀንም አላየውም።